ሰባሪዋ እና የጣሪያው ውሃ

በሕንፃችን ውስጥ «ሰባሪዋ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም፤ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ካለ ግን ይምጣና ይንገረኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ይህን ቅጽል ስም ሰምታው አታውቅም። ብትሰማውም እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ደረጃዋን ትወጣለች እንጂ ማንንም ቀና ብላ አትናገርም። እኔ ብሆን ደረጃው መሀል ቆሜ ሕንፃውን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር።

ስሙ የመጣው ከራሷው አፍ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ምድር ላይ ነው፤ የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አድርጌ የሚወጣውንም የሚገባውንም አያለሁ፤ ወሬ ስለምወድ ሳይሆን ብርሃን ስለምፈልግ ነው፣ ማንም የፈለገውን ይበል። ከእናቷ ጋር ላይኛው ፎቅ የገቡ ሰሞን ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጠርዙን በስፒል እይዛለሁ፣ እሷ እንደ ግንድ ተገትራ ዝም። ዝምታ ደግሞ ለእኔ አይሆንልኝም።

«ሥራሽ ምንድን ነው የኔ እህት?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ነገር እሰብራለሁ» አትለኝም!

ስፒሉን ልውጠው ምንም አልቀረኝ። «ምን? ምንድን ነው የምትሰብሪው?»

«ኮምፒዩተር ውስጥ ነው እትዬ፣ አይደንግጡ። መሰላል፣ የአውቶቡስ ወንበር፣ የሆስፒታል አልጋ... ሰዎቹ በብረት ከመሥራታቸው በፊት እኔ ኮምፒዩተር ውስጥ እሠራውና እጫነዋለሁ፣ እጎትተዋለሁ፣ እጠመዝዘዋለሁ። የቱ ጋ እንደሚሰበር አይቼ እነግራቸዋለሁ።»

እስቲ አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። እንዴት አድርገሽ ነው አልኳት፤ ጨርቁን በጣቷ ነካ አድርጋ አስረዳችኝ። «ይህን ጨርቅ በትናንሹ ቆራርጠው መልሰው ሰፉት እንበል። እያንዳንዷ ቁራጭ የምታውቀው አጠገቧ ያለችውን ብቻ ነው። አንዷ ስትጎተት ጎረቤቷን ይዛ ትጎትታለች፣ ያቺም ቀጥላ ያለችውን። ኮምፒዩተሩ እየዞረ ሁሉንም ምን ያህል ተጎተትሽ ይላቸዋል። ደህና የሆነችውን ሰማያዊ ይቀባታል፣ የጨነቃትን ቀይ።» እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብብት ላይ የተቀደደ ልብስ ስጠቅም የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለባለቤቴ ማታ እራት ላይ ነገርኩት። እሱ ለልጆቹ፣ ልጆቹ ለጎረቤት፤ በቃ፣ በሳምንቱ ሰባሪዋ ሆና ቀረች።

መሥሪያ ቤቷንም አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። መጋረጃ እንድሰፋላቸው እሷ አገናኝታኝ ልሰቅል ሄጄ ነው። ረጅም ክፍል ነው። ወጣቶቹ መሐንዲሶች መስኮቱ ዳር ተደርድረው ሻይ እየጠጡ ይሳሳቃሉ፤ የእሷ ጠረጴዛ ከኋላ፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጎን፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። መሰላል ላይ ሆኜ መንጠቆ ሳስገባ አንዱ መጣና የተጠቀለለ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጎ «እስቲ ይቺን ስበሪልኝ» ብሏት ሄደ። ደህና አደርሽ የለ፣ እባክሽ የለ። የቀበጠ! መሰላሉ ላይ ባልሆን ኖሮ መልሱን እኔ እሰጠው ነበር። እሷ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ሥራዋን ጀመረች፣ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ኮምፒዩተሩ ሲያጓራ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ምነው ስላት «እያሰላ ነው» አለችኝ፣ የታመመ ሰው እንደምታስታምም በቀስታ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑባት ጠየቅኳት።

«ቀይ ሲወጣባቸው እየተቆጡ ይመጣሉ» አለች። «ሰማያዊ ሲሆን ማንም አይመጣም።»

«ታዲያ የቱ ይሻልሻል?»

ፈገግ ብላ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

እናቷ ከዚያ ወዲህ አረፉ። የዚያን ሰሞን ሕንፃው ሁሉ ወጣ፣ ወረደ፣ አይዞሽ አላት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ጓዳው። እኔም ብሆን ቤቴ ሙሉ ነው፣ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፤ በየቀኑ ሦስት ፎቅ ወጥቼ እንዴት ዋልሽ የምልበት ጉልበት የለኝም፣ ምን ልዋሽ። እሷም ሰው ቤት ሄዳ የምታንኳኳ ዓይነት አይደለችም። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች። ገበያ ውላ ስትመለስ በመስኮቴ ሥር ታልፋለች፤ ከፌስታሏ የሚታየው ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ዳቦ ነው። ለአንድ ሰው ሽንኩርት መግዛት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ከዚያ ነርሷ መጣች። ነርሷ ከሰባሪዋ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ተከራይታ፣ ባሏ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ሆኖ፣ ሁለት መንታ ሴት ልጆች ይዛ የገባች ወጣት ናት። ፈረቃ ትሠራለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እሷ አልደረሰችም፤ ደረጃው ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ይጠብቋታል። አንድ ቀን ሰባሪዋ በጊዜ ስትገባ አገኘቻቸውና በሯን ከፈተችላቸው። በማግስቱም ከፈተች። ከዚያ ነርሷ ራሷ መጥታ «እህቴ፣ ባላስቸግርሽ...» አለቻት፣ ነገሩ ተለመደ። ሰባሪዋ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ጠዋት በማለዳ እየገባች ከሰዓት በጊዜ መውጣት ጀመረች። በፊት አለቃዋን ቀና ብላ አይታው የምታውቅ አይመስለኝም።

ወይ ለውጥ! ልጆቹን ኮምፒዩተሯ ፊት ታስቀምጣቸዋለች፤ እነሱ ወንበር ይስላሉ፣ ላዩ ላይ ዝሆን ያስቀምጣሉ፣ የወንበሩ እግር ቀይ ሆኖ ቅንጥስ ሲል በሳቅ ይፈነዳሉ። «አክስቴ ሰበርነው!» ሲሉ ድምፃቸው ምድር ቤት ድረስ ይሰማኛል። እኔ ዘንድ መጥታ ሁለት ትናንሽ ትራሶች አሰፋችኝ፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ፤ እንዳይጣሉበት። አንድ ቀንማ ደረጃው ላይ ስትስቅ ሰማኋት። ለባለቤቴ «ሰባሪዋ ሳቀች!» ብዬ ብነግረው «ሰው አይደለችም እንዴ፣ ምን አለበት» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። ወንድ ምን ይገባዋል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ውሃ በሕንፃችን አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። ሲመጣም ጉልበት የለውም፤ እኛ ምድር ያለነው እንቀዳለን፣ የላዮቹ ጄሪካን ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ። ነርሷ ከሌሊት ፈረቃ መጥታ ጄሪካን ስትጎትት ያየ ሰው ልቡ ይደማል። ኮሚቴው ተሰበሰበና ጣሪያው ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር እናስቀምጥ ተባለ፤ ውሃ ሲመጣ በፓምፕ ይሞላል፣ ሲጠፋ ወደ ታች ለሁሉም ይወርዳል። ሰው ሁሉ እልል አለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ስብሰባውን እንኳ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ነው የሚመራው። ቧንቧ ሠራተኛው መጣና ለቧንቧው የሚቀርበው ከነርሷ ቤት በላይ ያለው ጣሪያ ነው አለ።

ሊቀመንበሩ ታዲያ «መቼም እኛ ዘንድ ባለሙያ አለች» ብሎ ወደ ኋላ ተመለከተ። «ታየውና ደህና ነው ትበለን፣ ከዚያ እንሰቅላለን።» ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንዱ ወንበር አቀበላት። እስከዚያ ቀን ሰባሪዋ በስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትቆመው። ፊቷ ቀላ፣ «እሺ፣ አየዋለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ሲወጣ ለራሷም ገረማት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ «እንዴት አመሸሽ ኢንጂነር?» ይሏት ጀመር። ነርሷም አንድ ሰሐን ምግብ ይዛላት ገባች። አንድ ሰሐን ምግብ እንዲህ ሰው ያስደስታል ብዬ አላስብም ነበር።

ልትለካ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ይዣት የወጣሁት እኔ ነኝ፤ የእሷ ሜትር አጭር ሆኖ የእኔን የልብስ መለኪያ ተጠቅመናል፣ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ። ጣሪያውን በመዶሻ ቀስ ቀስ እያደረገች ኳ፣ ኳ፣ ታደምጣለች። የአየር ማስወጫው ቧንቧ በገባበት ቀዳዳ ውፍረቱን ለካች። ዳር ላይ ሲሚንቶው ተላልጦ ብረቱ የወጣበት ቦታ ነበር፤ ዝጎ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። እሱን በጣቷ ስትነካው ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይህ ጣሪያ የተሠራው ዝናብ እንዲከለክል ነው» አለችኝ። «ታንከሩ ሲሞላ ስንት መኪና ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እንግዲያው አይችልም በያቸዋ።»

እዚያው ጣሪያው ላይ ቁጭ አለች። «ገና አሁን ነው ሰላም ማለት የጀመሩኝ» አለች። «ልጆቹም... እናታቸው ይህን ውሃ እንዴት እንደምትጠብቀው አይተዋል? ባይሆን ምን እላታለሁ?»

እጇን ይዤ አነሳኋት። ልኬቱን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ ቤቷ ገባች። ከሥራ መልስ ልጆቹን አጠገቧ አስቀምጣ ጣሪያውን ኮምፒዩተር ውስጥ ሠራችው። ጎበዝ ተማሪ ፈተናውን እንደሚደጋግም ደጋገመችው፤ ብረቱ ደህና ነው ብላ፣ ሲሚንቶው ጠንካራ ነው ብላ፣ ታንከሩን ግማሽ ብቻ ሞልታ። ሰማያዊ እንዲሆንላት የምትችለውን ሁሉ አደረገች። «ኮምፒዩተሩን መለመን ቢቻል ለምኜዋለሁ» አለችኝ በኋላ። ቀይ ወጣ።

ከስብሰባው በፊት ለእኔ አሳየችኝ። ወይ ጉዴ! ጣሪያው እንደ አሮጌ ፍራሽ መሀሉ ወርዶ፣ ዙሪያው ቢጫ፣ መሀሉ ደም የመሰለ ቀይ። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ትናንሽ አልጋዎች ተስለዋል፤ ጣሪያው እነሱ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው።

«አልጋዎቹን ምን አመጣቸው?» አልኳት።

«የትኛው ክፍል እንደሆነ እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«የኔ እህት፣ ይህን አታሳዪ። በቃል ብቻ ንገሪያቸው፣ ለስለስ አድርገሽ።»

«በቃልማ ማንም አያምነኝም እትዬ። እኛ ሁልጊዜ የምናሳየው ሥዕሉን ነው።» እውነቷን ነው፣ በመሥሪያ ቤቷ ሥዕል ያላየ አይሰማትም። ግን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ማንም የራሱ ልጅ አልጋ አልተሳለበትም።

ስብሰባው ግቢው ውስጥ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ኮምፒዩተሯን አንድ መኪና ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ሰው ተጠጋጋ። ነርሷ ጮኸች። ጩኸት ስል ጩኸት ነው፤ ልጆቹ ከደረጃው ሮጠው መጡ።

«የልጆቼ አልጋ ነው! የልጆቼ አልጋ!»

ሰባሪዋ ደነገጠች። ነርሷን ልታረጋጋ ፈልጋ፣ ልቧ ንጹሕ ስለሆነ፣ እንዲህ አለች፦ «አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ይህ እንዲታይ ብለን ሁለት መቶ እጥፍ አጉልተን የሳልነው ነው። የእውነቱ መጉበጥ የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም።»

አቤት፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ! በእነሱ ሙያ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ብረትና ድንጋይ ሲጎብጥ በዓይን ስለማይታይ አጉልተው ነው የሚስሉት፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይደነቅም። የእኛ ሰው ግን እንደዚያ አልሰማውም። ቧንቧ ሠራተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሁለት መቶ እጥፍ! እንዲህማ ከሆነ እኔም ሚስቴን ሁለት መቶ እጥፍ አጉልቼ ልፈራት ነዋ! ስንት ጣሪያ ላይ ታንከር ሰቅያለሁ፣ አንዱም አልወደቀ።»

ሰው ሳቀ። እሷ እጇን አንስታ «አይደለም፣ ሲሚንቶ እንደ ጨርቅ አይደለም፣ የጣት ውፍረት ከጎበጠ ተሰነጠቀ ማለት ነው፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ...» ትላለች፤ ማን ይስማት። ሊቀመንበሩ «እና ይሄ ሁሉ ለአንዲት ጣት ነው?» አለ። አንዷ ከኋላ «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ማን ጠየቃት» አለች፤ የጠየቋት ራሳቸው መሆናቸውን ረስተውት!

ነርሷ ግን አልሳቀችም። ልጆቿን አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ወደ ራሷ ጎትታ ሰባሪዋ ፊት ቆመች። «አምኜሽ በየቀኑ ቤትሽ አውላቸዋለሁ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ጣሪያ ትደፊባቸዋለሽ? ሟርተኛ! ወልደሽ ብታውቂው እንዲህ አትስዪም ነበር!»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «አፍሽን ያዢ፣ ልጆችሽን ስንት ቀን ከደረጃ ላይ ያነሳች ናት!» አልኩ፤ ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። ሰባሪዋ ኮምፒዩተሯን ከደነችና ታቅፋው ወጣች። ከልጆቹ አንዷ «አክስቴ» ብላ ልትከተላት ስትል እናቷ መለሰቻት።

በማግስቱ ከሰዓት ልጆቹ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ቤት ገቡ። ሰባሪዋ እንደ ልማዷ በጊዜ መጣች፣ በመስኮቴ ሥር ስታልፍ እጇ ላይ ብስኩት ነበር። የሚበላው ሰው የለ። ከዚያም ብዙ ቀን በጊዜ ትመጣ ነበር፤ አለቃዋ ወደ ድሮው የሥራ ሰዓትሽ ተመለሺ እስኪላት ይሁን እኔ አላውቅም።

ታንከሩ መጣ። ግቢው ውስጥ ጥቁር፣ ትልቅ፣ እንደ ጎረምሳ በሬ ተጋድሞ። ሠራተኞቹ ገመድ ይዘው ሊያወጡት ሲሉ ነርሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ከእኔ ቤት በላይ አይሆንም» አለች። በስብሰባው ሰባሪዋን ሟርተኛ ያለቻት ራሷ ናትና ሰው ሁሉ ገረመው። «እሷ ውሸቷን ነው ካልሽ ለምን ትፈሪያለሽ?» አላት ሊቀመንበሩ። «ከተሟረተበት በኋላ እኔ እሱ ሥር እንቅልፍ አይወስደኝም!» ይሄኔ ጎን ያለው ቤትም «እኔም በላዬ አልፈልግም» አለ። ቀጥሎ ያለውም። አያችሁት ነገሩን? ስሌቱን ማንም አላመነም፤ ሟርቱን ግን ሁሉም ፈራው። ታንከሩ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ቀረ፣ ልጆች ኳስ ያላትሙበት ጀመር፣ ሰውም እንደ ድሮው ጄሪካኑን ተሸከመ።

አንድ ጠዋት ሰባሪዋ ወደ ሥራ ስትሄድ መስኮቴ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ለሊቀመንበሩ ይንገሩልኝ። ከእኔ መኝታ ቤት በላይ ይሁን።»

«ምን በወጣሽ! እነሱ ያልፈለጉትን አንቺ ልትሸከሚ?»

«የደረጃው ግድግዳና የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ወፍራሞች ናቸው፣ ቀጥ ብለው መሠረቱ ድረስ ይወርዳሉ። ታንከሩ በብረት ላይ ተቀምጦ ብረቱ እነሱ ላይ ካረፈ ሸክሙ ጣሪያውን አይነካም። ሠርቼ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ነው።» ቀጥላም «ከዚያ ሌላ የሚችል ቦታ የለም» አለች።

«አንቺ ራስሽ ንገሪያቸዋ! ያመሰግኑሽ!»

«እኔ ካልኩት እሺ አይሉም።» ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። አትቆጪም እንዴ፣ ሰው አይደለሽም እንዴ ብዬ ጮህኩባት። «ልጆቹ ውሃ ያገኛሉ» አለችና ሄደች።

ነገርኩ። ሊቀመንበሩ ከጭንቅ ስለተገላገለ እጁን አጨበጨበ። ተሰቀለ። ብረቱን ስትለካላቸው፣ ይህ ወደዚህ ይግባ ስትላቸው፣ ቧንቧ ሠራተኛው እያጉረመረመ አደረገላት። ወደ ሁሉም ቤት የሚወርደው ቧንቧ ጣሪያውን በስቶ በእሷ መኝታ ቤት ግድግዳ በኩል፣ ከአልጋዋ ራስጌ አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ በሌላ በኩል መንገድ አልነበረውም። ውሃው የወረደ ቀን ሰው ተሳሳመ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ፤ ቧንቧ ሠራተኛውን አመሰገነ፣ ኮሚቴውን አመሰገነ፣ ራሱን አመሰገነ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ምን እንደተባለ ልንገራችሁ? «ያን ሁሉ ትያትር የሠራችው ውሃውን ወደ ቤቷ ለማስጠጋት ነው።» ይህን ካለችው ሴትዮ ጋር እስከዛሬ አንነጋገርም፤ ቀሚሷንም ሌላ ቦታ ታሰፋ።

ዓመት ሊሞላው ነው። ጣሪያው ደህና ነው። ማንም ላይ ምንም አልወደቀም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ያልወደቀ ነገር ምስክር የለውማ። ቢወድቅ ኖሮ ነቢይ ነበረች ይሏታል፣ ስላልወደቀ ሟርተኛ ናት። ነርሷ እንደ ድሮው ፊት ለፊቷ ትኖራለች፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ትፈልጋለች። ልጆቹ አድገዋል፣ ቁልፍ ተሰጥቷቸው ራሳቸው ይገባሉ። ሰባሪዋም አንገቷን ደፍታ ደረጃዋን ትወጣለች። ሽንኩርቷ አንድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ካፖርቷን አሳጥሬላት እስክትመጣ መጠበቅ ሰለቸኝና ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አስገባችኝ፣ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ስትገባ እኔ ካፖርቱን መኝታ ቤት ልሰቅል ሄድኩ። እሰቅላለሁ ስል ግድግዳው ውስጥ ጉርርር! ብሎ አጓራ። ከዚያ ሽሽሽ፣ ከዚያ ዱብ ዱብ፣ ከዚያ እንደገና ጉርርር።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

ኩባያዎቹን ይዛ መጣች። «ቧንቧው ነው እትዬ። ይቀመጡ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። እንደገና ጉርርር አለ፤ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አደመጠች። «ይቺ ነርሷ ናት» አለች። «ቅዳሜ ልጆቹን ታጥባለች። መጀመሪያ አንዷን፣ ከዚያ ትዘጋለች፣ ከዚያ ሌላዋን። አሁን ሁለተኛዋ ገባች።» ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ይሄ ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። ጢሙን ሲላጭ አይዘጋውም፣ ዝም ብሎ ይለቀዋል።» ከዚያ አንድ የሚያቋርጥ፣ ቶሎ ቶሎ የሚከፈት የሚዘጋ ድምፅ ሰማንና ቀና ብላ አየችኝ። «ይህ የእርስዎ ምራት ነች። ዕቃ ስታጥብ ነው።»

ምን ልበል? መጀመሪያ ተናደድኩ። ደጃፏን አልፈው የማያንኳኩ ሁሉ ራስጌዋ ላይ መጥተው ሲያጓሩ! «ቀንና ማታ እንዲህ ነው? አንቺዬ፣ እንዴት ነው የምትችይው? ለኮሚቴው ልናገር፣ ቢያንስ ቧንቧውን በጨርቅ ይጠቅልሉልሽ፣ እኔ እሰፋዋለሁ፣ ድምፁን ያፍነዋል።»

«ኧረ አይሆንም!» ብላ እጄን ያዘችኝ። እንደዚያ ፈጥና ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ አፈረችና ለቀቀችኝ።

«ይተዉት እትዬ። ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።»

ልሂድ ብዬ ብድግ ብዬ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።